የፒያሳው ቼዝ ሰዓት ይግባበት ወይስ ይቅር?

የአራዳ ፈረስ · ሰኞ ማታ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፣ ግን እኛን ሊያጣላን ደርሷል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ቼዝ እንጫወታለን። ስድስት ሰባት ሰው እንሆናለን። ቦርዱ ግን አንድ ነው። የተሸነፈ ይነሳል፣ ተራ የያዘ ይቀመጣል። እስካሁን ያለ ሰዓት ነው የምንጫወተው።

ችግሩ ቲቸር ናቸው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ሰባ አልፏቸዋል። ከሁላችንም የተሻለ ይጫወታሉ። ብቻ አንዴ ማሰብ ከጀመሩ አለቀ። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ወታደር ለማንቀሳቀስ ስንት ጊዜ እንደፈጀባቸው ልንገራችሁ። ማኪያቶ አዘዝኩ፣ መጣ፣ ጠጣሁት። ጫማዬን ሊስትሮው ጋ አስጠረግኩ። ተመለስኩ። እጃቸው አሁንም አገጫቸው ላይ ነው። በመጨረሻ ወታደሯን ነኩና "አይ፣ ቆይ" ብለው ተዉአት።

ታዲያ ማን ደፍሮ "ፍጠኑ" ይበላቸው? አንዱ ልጅ በቀልድ አስመስሎ ሞክሮ ነበር። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" አሉት። ከዚያ ወዲህ ማንም ትንፍሽ አላለም።

አባቴ በደርግ ጊዜ ምሥራቅ ጀርመን ተምሮ ሲመለስ ያመጣው የቼዝ ሰዓት ቤት አለ። "ጋርዴ" ይላል። ሁለት ፊት አለው፣ በእጅ የሚሞላ ነው፣ ከላይ ሁለት መምቻ አለው። ይሠራል። ላምጣው ወይስ ይቅር? ካመጣሁትስ ስንት ደቂቃ እናድርገው? ቲቸርን ማስቀየም አልፈልግም።

ግራ እጅ · ሰኞ ማታ 3:05

አምጣው እንጂ! ሰባት ሰው አንድ ቦርድ እየጠበቀ ምን ይጠየቃል። ለእያንዳንዱ 15 ደቂቃ ስጡ። ለአንድ ሙቭ አይደለም፣ ለሙሉ ጨዋታው ነው። ከፈለጉ ቲቸር ስምንቱን ደቂቃ በአንድ ሙቭ ይጨርሱት፣ መብታቸው ነው፤ ከራሳቸው ላይ ነው የሚቆረጠው። አንድ ጨዋታ ቢረዝም ቢረዝም ግማሽ ሰዓት ነው። ከ9 እስከ 12 ሰዓት ብትጫወቱ ስድስት ጨዋታ ይወጣል። አሁን ስንት ታወጣላችሁ?

የአራዳ ፈረስ · ሰኞ ማታ 3:11

ሁለት። አንዳንዴ አንድ ተኩል። ግማሹን በስልክ ፎቶ አንስተነው ነው የምንሄደው።

ቡና ደጋግሜ · ሰኞ ማታ 3:30

እኔ አልስማማም። ፒያሳ ቁጭ ብለን የምንጫወተው ለምን ሆነና? ለጨዋታው ነው። ጨዋታ ስል ወሬውንም ጨምሬ ነው። ከጎን የቆመው "ፈረሱን፣ ፈረሱን!" እያለ ሲያብድ፣ ሌላው "አትንገረው አቦ!" ሲለው። ሰዓት ሲመጣ ይሄ ሁሉ ይቀራል። ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ውስጥ ሰዓት እያየን መዋላችን አይበቃም? ቲቸርን ተዋቸው ያስቡ።

ሚሚ 64 · ሰኞ ማታ 3:52

ቡና ደጋግሜ፣ እንዲህ የሚጣፍጠው የምትጫወተው አንተ ስትሆን ነው። ቆሞ ተራ የሚጠብቀውን ጠይቀው።

ልጅ እያለሁ አራት ኪሎ ሰፈር ከወንዶቹ ጋር እጫወት ነበር። አንዱ ነበር፣ ሲያሸንፍ እጁ መብረቅ ነው። ልበላው ስል ግን ፈላስፋ ይሆናል። ጣራ ያያል፣ ጭንቅላቱን ያካል። ከዚያ "መሸ፣ እናቴ ትጠራኛለች፣ ነገ እንጨርሳለን።" ነገ የሚባለው እስከ ዛሬ አልመጣም። ስለዚህ በሱ ሒሳብ አንድም ቀን አሸንፌው አላውቅም።

ፈረንጆቹም ያው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1851 ለንደን ላይ ትልቁ ዓለም አቀፍ ውድድር ሲደረግ የቼዝ ሰዓት አልነበረም። ኤላይጃ ዊልያምስ የሚባል ተጫዋች በዝግታው ሰው አሰልችቶ ነበር። ሃዋርድ ስታንተን በሱ ተሸንፎ ክፉኛ አማሯል። ዛሬ ውድድር ላይ የምናያቸው ጠጠሮች በስሙ የሚጠሩት ስታንተን ማለቴ ነው። በ1861 አንደርሰንና ኮሊሽ ሲገጥሙ የአሸዋ ሰዓት ተጠቀሙ። በ1883 ደግሞ እዚያው ለንደን የማንቸስተሩ ቶማስ ብራይት ዊልሰን ያሰበው የቼዝ ሰዓት መጣ። ሁለት ሰዓት እንደ ሚዛን ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ። አንዱን ስታጋድለው ይቆማል፣ ሌላው መቁጠር ይጀምራል። ሕጉ በአንድ ሰዓት 15 ሙቭ ነበር።

"ፍጠን" መባባሉ ቢያስቸግራቸው ሥራውን ለዕቃ ሰጡት።

የአራዳ ፈረስ · ሰኞ ማታ 4:02

ሚሚ፣ "ለዕቃ ሰጡት" ያልሽውን ወደድኩት። እኛ ብንናገር ብልግና ነው። ሰዓቱ ግን ልጃቸውም አይደለም፣ ተማሪያቸውም አይደለም።

ሰንጠረዥ ወዳጅ · ማክሰኞ ጠዋት 1:15

ሁላችሁም ስለ ለንደን ታወራላችሁ፤ የእኛን ረሳችሁት።

በድሮው የኢትዮጵያ ቼዝ፣ በሰንጠረዥ፣ መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም። ወረራ ይባላል። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ፣ ጠጠሮቻቸውን እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ እንዲህ ነው። ከዚያ ነው ተራ በተራ የሚሆነው። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለዚህ ጨዋታ ሰፋ አድርገው ጽፈዋል።

እስቲ ወረራ ላይ ሰዓት አስቀምጡ። ማን ይመታዋል? የሁለቱም እጅ ሥራ ላይ ነው! አንተ አንዱን ስታስብ ባላጋራህ ሦስት ይሄዳል። ዓይንህ የሱን ሰልፍ እያየ፣ እጅህ የራስህን ያሰልፋል። ዝም ብሎ የሚያስብ ሰው እዚያ ቦታ የለውም።

ቡና ደጋግሜ · ማክሰኞ ጠዋት 1:40

አያቶቻችን ያለ ሰዓትም ይፈጥኑ ነበር ማለት ነው። በቃ፣ ነገሩን ዘግቼዋለሁ 😄

ሰንጠረዥ ወዳጅ · ማክሰኞ ጠዋት 1:44

ወረራው ላይ ይፈጥኑ ነበር። ከወረራው በኋላ ስላለው እኔ ምስክር አይደለሁም።

ባለ ቻርጀር · ማክሰኞ ቀን 6:20

አሮጌ ሰዓት ምን አደከማችሁ? ስልክ ላይ በነፃ የሚወርድ አፕ አለ። ስክሪኑን ለሁለት ይከፍለዋል፣ የራስህን ግማሽ ስትነካ የሌላው ይቆጥራል። እኛ ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ ውስጥ በምሳ ሰዓት በሱ ነው የምንጫወተው።

አንድ ነገር ብቻ፦ ኔትወርኩን አጥፉት። እኔ አላጠፋሁትም ነበር። አራት ሙቭ ሲቀረኝ እናቴ ደወለች። ስክሪኑ ላይ "እማዬ" የሚል ጽሑፍ ሞላበት። ሰዓቱን ልመታ ብዬ ስልኩን አነሳሁት። "ሄሎ፣ ምሳ በላህ?" ምን ልበላት? ሁለት ደቂቃ ተበላሁ፣ ጨዋታውንም ተበላሁ።

ሚሚ 64 · ማክሰኞ ቀን 6:31

ሆዴን አመመኝ በሳቅ! ሩስላን ፖኖማሪዮቭን ታስታውሳለህ? የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ዩክሬናዊ። እ.ኤ.አ. በ2003 የአውሮፓ ቡድኖች ውድድር ላይ ስልኩ ስለጮኸ ብቻ ተሸናፊ ተባለ። ጓደኛ አለህ ማለት ነው።

ባለ ሰዓቱ · ማክሰኞ ማታ 1:10

ልጄ የአራዳ ፈረስ፣ እኔ የእጅና የግድግዳ ሰዓት ሠሪ ነኝ፣ ፒያሳ ነበርኩ። አሁን ቦታ ቀይሬያለሁ። ጋርዴ ጥሩ ዕቃ ነው፤ እንዳትንቀው።

ከጀርባው ሁለት መሙያ አለው። ሁለቱ ለየብቻ ነው የሚሞሉት፣ አንዱን ሞልተህ ሌላውን ረስተህ እንዳታፍር። ጠንከር ሲልብህ አቁም፣ አታስገድደው። የደቂቃው ዘንግ ወደ 12 ሲቃረብ ትንሿን ቀይ ባንዲራ ቀስ አድርጎ ያነሳታል፤ ልክ 12 ላይ ሲደርስ ይለቃታል፣ ትወድቃለች። ለ15 ደቂቃ ጨዋታ ሁለቱንም ፊት 6 ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ላይ አድርገው። ፈረንጆቹ ጨዋታው ልክ 6 ላይ እንዲያልቅ ነው ማድረግ የሚወዱት። ለእኛ እንኳን ምሳ ሰዓት ነው።

ደግሞ ሳትፈትሽ እንዳታመጣው። አንዱን ፊት ለአንድ ሰዓት አስኪደውና ከስልክህ ጋር አስተያየው። ከዚያ ሌላውን። ሠላሳ አርባ ዓመት የተቀመጠ ዕቃ አንዱ ጎኑ ሊቀድም ይችላል። በቼዝ ሰዓት ላይ ደግሞ ይሄ ጠብ ነው።

የአራዳ ፈረስ · ማክሰኞ ማታ 1:25

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! እፈትሸዋለሁ።

ግራ እጅ · ማክሰኞ ማታ 1:50

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ለቲቸር 20፣ ለሌላው 10 ስጡ። ልዩነት ላላቸው ተጫዋቾች እንዲህ ይደረጋል።

ሚሚ 64 · ማክሰኞ ማታ 1:58

ይደረጋል፤ ግን ትርፍ ደቂቃ የሚሰጠው ለደካማው ነው! የሁላችሁ አለቃ ናቸው ብሏል እኮ። "ለእርስዎ ጨምረንልዎታል" ብትላቸው ቦርዱን አጥፈው ይሄዳሉ። እኩል አድርጉት።

ፊሽካ የሌለው ዳኛ · ረቡዕ ማታ 2:15

ዳኝነት ትንሽ ተምሬያለሁ፤ ሰዓቱ ከመምጣቱ በፊት ልትስማሙባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ካልሆነ በመጀመሪያው ቅዳሜ ትጣላላችሁ።

ሰዓት የሚመታው ጠጠሩን ባንቀሳቀሰው እጅ ነው። በቀኝ ሄዶ በግራ መምታት የለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ግራ እጅ፣ ስምህን ሳይ ነው ትዝ ያለኝ። እጅህን መምቻው ላይ አንጠልጥለህ መጠበቅም አይቻልም። ሰዓቱን በቡጢ መደብደብም ክልክል ነው፤ ለጋርዴው ስትሉ ይሄንን በደንብ አጥብቁት። ውድድር ላይ ሰዓቱ በየትኛው ጎን እንደሚቀመጥ ዳኛ ይወስናል። በጓደኞች መሀል ግን ልማዱ ጥቁር የያዘው እንዲመርጥ ነው። ጥቁሩ ይመታል፣ የነጩ ሰዓት ይጀምራል።

ጠጠር ያፈሰሰ ሰው የሚያስተካክለው በራሱ ሰዓት ነው። ሰዓቱ እየቆጠረበት ይለቅማል ማለት ነው።

ባንዲራ የወደቀበት ይሸነፋል፤ ግን አንድ ነገር አለ። ባላጋራው በምንም መንገድ ማት ማድረግ፣ ማለትም ንጉሡን መውጫ ማሳጣት፣ የማይችል ከሆነ፣ ለምሳሌ ንጉሡ ብቻ ከቀረ፣ እኩል ነው። "በምንም መንገድ" የሚለው ላይ ትልልቆቹም ተጣልተዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና ላይ ሞኒካ ሶችኮና ሳቢና ፎይሶር እየተጫወቱ ለሁለቱም የቀራቸው ንጉሥና አንድ አንድ ፈረስ ነበር። የፎይሶር ሰዓት አለቀ። መጀመሪያ እኩል ተባለ። ሶችኮ ይግባኝ አለች። በፈረስ ለፈረስ፣ ተቃራኒው ከተባበረ፣ ማት ሊሆን ይችላል። ተፈረደላት።

ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። ማግነስ ካርልሰን እ.ኤ.አ. በ2015 ኖርዌይ ላይ ከቶፓሎቭ ጋር እያሸነፈ ሳለ ሰዓት አልቆበት ተሸነፈ። ዘግይቶ ስለመጣ ማብራሪያው አምልጦት ነበር። ከ60ኛው ሙቭ በኋላ 15 ደቂቃ ይጨመርልኛል ብሎ ቁጭ ብሎ ሲያስብ ነው ያለቀበት። የዓለም ሻምፒዮን ነበር ያኔ።

አንድ ለራሴ ልበል፦ ቲቸር የነኩትን ወታደር መሄድ ነበረባቸው። የነካ ይሄዳል፣ ሕጉ ይሄ ነው። ግን እኔም ብሆን አልነግራቸውም ነበር።

ባለ ቻርጀር · ረቡዕ ማታ 2:40

እያሸነፍክ በሰዓት መሸነፍ ያማል። ለዚህ ነው ዲጂታሉ የሚሻለው። በየሙቩ ሰከንድ ይጨምርልሃል። የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ቦቢ ፊሸር ነው ያመጣው፤ እ.ኤ.አ. በ1988 ለፈጠራ መብቱ አመልክቶ፣ በ1992 ከስፓስኪ ጋር ዩጎዝላቪያ ላይ ሲገናኙ ተጫወቱበት። አሁን የዓለም ብሊትዝ፣ በጣም ፈጣኑ ጨዋታ፣ ሻምፒዮና 3 ደቂቃ ሆኖ በየሙቩ 2 ሰከንድ ይጨመራል። ራፒዱ፣ ትንሽ ረዘም የሚለው፣ 15 ደቂቃ ሆኖ 10 ሰከንድ። በእጅ የሚሞላው ይሄንን አይችልም።

ቡና ደጋግሜ · ረቡዕ ማታ 2:44

ደቂቃ የሚጨምር ዕቃ ካለ ለእኔም ግዙልኝ። ጠዋት ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ እጠቀምበታለሁ።

የአራዳ ፈረስ · ቅዳሜ ማታ 3:30

ይኸው ተመለስኩ። ቁጭ በሉ፣ ይረዝማል።

9 ሰዓት ላይ ጋርዴውን ከፌስታል አወጣሁት። ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ጥቂጥቂቱ ከማሽኑ ጫጫታ በላይ ይሰማል። ሁሉም ቲቸርን አየ። ቲቸር መነጽራቸውን አውልቀው ጠጋ ብለው አዩት። "የማን ነው?" አሉ። የአባቴ ነው አልኳቸው። "ሙላው" አሉ። በቃ። ሳምንቱን ሙሉ የተጨነቅሁበት ነገር በአንድ ቃል አለቀ።

የመጀመሪያው ጨዋታ ቲቸርና ያ "ፍጠኑ" ሊል የሞከረው ልጅ ነበሩ። ቲቸር ያው እንደ ልማዳቸው ናቸው። አገጭ፣ ጣራ፣ አገጭ። ልጁን ንግሥቱን በሉት፣ ግንቡንም በሉት። ሁለት ሙቭ ሲቀራቸው ጥቅ አለ። ማንም አልተናገረም። ቲቸር ጎንበስ ብለው ባንዲራዋን አዩ። "ወደቀች እኮ" አሉ። ልጁን ጨብጠው ተነሱ፣ ሄደው ሰልፉ መጨረሻ ቆሙ። እኚህ ሰው ቆመው ተራ ሲጠብቁ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። አምስት ደቂቃ እንኳን አልሞላም፣ ከኋላዬ "ይሄ ልጅ ምንድን ነው እንዲህ የሚያስበው?" ሲሉ ሰማኋቸው!

ከዚያ ተራቸው ደረሰ። ከማን ጋር? ከእኔ ጋር።

እውነቱን ልናገር። እኔ ራሴን ፈጣን ተጫዋች አድርጌ ነው የማውቀው። የሳቸውን ማሰብ በማኪያቶ እለካ ነበር፣ የራሴን ለክቼ አላውቅም። ሀያኛው ሙቭ አካባቢ ቀና ብዬ ሰዓቱን ሳይ ለሳቸው ስድስት ደቂቃ አለ። ለእኔ ሁለት! ተጭበርብሬያለሁ ብዬ ነበር መጀመሪያ። ግን የመታሁት እኔው ነኝ።

ከዚያ ድንጋጤ። አንድ ደቂቃ ሲቀረኝ ንግሥቴን አንስቼ ወደ ጥግ ስወረውር እጅጌዬ ግንቡንና ሁለት ወታደር ጠረገ። አንዷ ወታደር ተንከባልላ ሊስትሮው ሳጥን ሥር ገባች። ሊስትሮው ሳጥኑን ያነሳል፣ እኔ በጉልበቴ ነኝ፣ ከላይ ጥቅጥቅጥቅ ይላል። ቲቸር በእርጋታ "ሰዓትህ እየሄደ ነው ልጄ" አሉኝ። ያ ልጅ ደግሞ፣ ሲጠብቀው የኖረ ይመስል፣ "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ!" አለ።

ቲቸር እስኪያነቡ ሳቁ። እኔ ወታደሯን ይዤ ስነሳ ባንዲራዬ ወድቃለች። ለሳቸው አራት ደቂቃ ተርፏቸዋል።

አምስት ጨዋታ ወጣ በአጠቃላይ።

ቡና ደጋግሜ · ቅዳሜ ማታ 3:48

ወሬውስ? እሱን ንገረኝ።

የአራዳ ፈረስ · ቅዳሜ ማታ 3:55

ቦርዱ ላይ ቀነሰ፣ አልዋሽህም። ከጎን የሚናገርም ጠፋ፤ ሰው ሰዓቱን ነው የሚያየው። ሰልፉ ላይ ግን ጨመረ። የተሸነፈው ሁሉ "አንድ ደቂቃ ቢኖረኝ ኖሮ" እያለ ሲያስረዳ ነው ያመሸው። ቲቸር ብቻቸውን አንድ ማኪያቶ ሙሉ አስረድተዋል።

ቡና ደጋግሜ · ቅዳሜ ማታ 3:57

እሺ፣ መጣሁ የሚቀጥለው ቅዳሜ። ተራ ያዙልኝ።

ባለ ሰዓቱ · እሑድ ጠዋት 3:20

ልጄ፣ ሳትፈትሽ ነው የወሰድከው አይደል?

የአራዳ ፈረስ · እሑድ ቀን 8:05

ጋሼ ይቅርታ፣ ሳምንቱ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ዛሬ ከቅዳሴ መልስ እንዳሉኝ ፈተሽኩት። ቀኙ ከስልኬ ጋር ልክ ነው። ግራው ግን በአንድ ሰዓት ሁለት ደቂቃ ይቀድማል!

ግራ እጅ · እሑድ ቀን 8:09

ከቲቸር ጋር ስትጫወቱ ግራው የማን ነበር?

የአራዳ ፈረስ · እሑድ ቀን 8:10

የእኔ!! አላልኳችሁም? ለቲቸር ልደውል ነው።

ባለ ሰዓቱ · እሑድ ቀን 8:31

እንዳትደውል። በስድሳ ደቂቃ ሁለት ከቀደመ በአሥራ አምስት ደቂቃ ሠላሳ ሰከንድ ነው። ሳጥን ሥር የቆየኸው ከዚያ ይበልጣል። እሳቸው የሒሳብ መምህር ናቸው፣ በአፍህ ሳትጨርስ ያሰሉብሃል። ሰዓቱን ሐሙስ አምጣልኝ፣ አስተካክዬ ለቅዳሜ አደርስልሃለሁ።